የወጌሻው ጭን

ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ በሽንዲ መንገድ ግራ በኩል ባለች መንደር፣ አድማሴ የሚባል ወጌሻ አለ። እዚያ አካባቢ እጁ ወይም እግሩ ወልቆ በአድማሴ መዳፍ ሳያልፍ የዳነ ሰው ብትፈልጉ ብዙ ትደክማላችሁ። ከበቅሎ የወደቀ፣ በሬ የረገጠው፣ ሠርግ ላይ ሲጨፍር ቁርጭምጭሚቱ የዞረ፣ ሁሉም ወደ እሱ ነው። አድማሴ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ቅቤ ይቀባል፣ በሁለት አውራ ጣቱ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆማል። «እዚህ ነው» ይላል። ከዚያ በሽተኛው ይጮኻል። ጩኸቱ ሲያበቃ አጥንቱ ቦታው ገብቷል። ይህን ማንም አይክደውም፤ እኔም አልክደውም።

ችግሩ አድማሴም የማይክደው መሆኑ ነው። ስለ እጁ ሲያወራ ስለ ሌላ የተከበረ ሰው የሚያወራ ይመስላል። «ይህ እጅ ተሳስቶ አያውቅም» ይላል፣ እጁን ጉልበቱ ላይ በክብር አስቀምጦ። ስለ ሐኪሞች ክፉ አይናገርም፤ የሚናገረው ግን ከክፉው ይብሳል። ምስኪኖች ናቸው፣ ካላዩ አያምኑም፣ ይላል። ራጅ የተነሣ ሰው ሲያይ ከልቡ ያዝንለታል።

እርግጥ ክንዱ የሚባል ጎረቤት አለው። ክንዱ ከዓመታት በፊት ከዋንዛ ላይ ወድቆ እግሩ ሲሰበር ያሰረለት አድማሴ ነው። እግሩ ዳነ፤ ግን ትንሽ ዞር ብሎ ዳነ። አድማሴ በዚህ ጉዳይ ላይ ቃሉ አንድ ነው፤ ጥፋቱ የክንዱ ነው፣ ቀኑ ሳይሞላ ተነሥቶ ረግጦበታል። ክንዱ ጨዋ ሰው ነውና ተከራክሮ አያውቅም። ሲሄድ ግን እግሩ ይከራከራል።

አምና በጾመ ነቢያት፣ ጤፍ በሚወቃበት ሰሞን፣ አውድማው ላይ ከበሬዎቹ አንዱ አድማሴን በቀንዱ ቀኝ ጭኑ ላይ ከኋላ ጎነጠው። ቆዳው አልተላጠም፣ ደም አልወጣም። አድማሴ በሬውን ከነዘሩ ሰደበውና ሥራውን ቀጠለ። ሰነባብቶ ግን ጭኑ ውስጥ፣ ከሥጋው ሥር፣ የሚጠዘጥዝ ነገር ጀመረው። ከላይ ሲያዩት ይህ ነው የሚባል ነገር የለውም። ሲነኩት ግን እንደ እንጨት ጠጥሯል።

አድማሴ ዓይኑን ጨፈነና የገዛ ጭኑን ዳሰሰ። ጅማት ተጠማዟል፣ ወለምታ ነው፣ ብሎ ፈረደ። ወለምታ ደግሞ መታሸት ነው። ቦታው ከኋላ ስለሆነ የራሱ እጅ በደንብ አልደርስለት አለ፤ ስለዚህ ሚስቱን ደጊቱን ጠራ።

ደጊቱ ነገር አታበዛም፤ የያዘችውን ግን አትለቅም። ባሏን በደህናው ቀን «አንተ» ትለዋለች። ሲያናድዳት «አንቱ» ትለዋለች። አንቱ በተባለበት ቀን አድማሴ ራቱን ቶሎ በልቶ ይተኛል። ጾም ስለነበር ቅቤው ለአፍ አይሆንም፤ ለጭን ግን ማን ከልክሎ። በደረቱ ተኝቶ፣ እጅዋን በቃሉ እየመራ፣ አሁን ወደ ታች፣ አሁን በአውራ ጣትሽ፣ ሊጥ አደረግሽው እንዴ፣ እያለ አሳሻት። ደጊቱም እንደታዘዘችው አሸች። እጅዋ ግን የነገራት ነገር ነበር።

«ስማኝ፣ ይህ ነገር ይሞቃል» አለችው።

ስለምታሺው ነው የሚሞቀው፣ አላት። ከማሸቴም በፊት ይሞቃል፣ አለችው። በማግስቱም ይሞቃል አለችው፤ በሳልስቱም። ወለምታ እንዲህ አይግልም፣ እስቲ ተው፣ ለሐኪም እናሳየው፣ ብላ ለመነችው። አድማሴም ያችን እስከ ዛሬ የሚያፍርባትን ቃል ያን ጊዜ ተናገረ። «አንቺ የተሰጠሽ ማሸት ነው፤ ማወቁን ለእኔ ተይው።»

በዚህ መሀል ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት መጣ። አድማሴ አሁንም መላ አላጣም። ጭኑ ወለምታ፣ ትኩሳቱ ወባ፣ ብሎ ለአንዱ ሕመም ሁለት ስም አወጣለት። ወባ ደግሞ ባገሩ አዲስ ነገር አይደለም፤ ያመነው ሰው አልታጣም።

ደጊቱ በገበያ ቀን፣ በርበሬ ልሸጥ ነው ብላ፣ አብሯት ቡሬ እንዲወርድ አደረገች። ከበርበሬው በፊት ክሊኒክ አስገባችው። እዚያ ያገኙት የጤና መኮንን ደሙን አስመረመረ፣ ወባ የለም አለ። ራጅ አስነሣው፣ አጥንቱ ደህና ነው አለ። ቀጥሎ ሰውየው ትልቁን ነገር ተናገረ። ራጅ አጥንት ያሳያል እንጂ ሥጋ ውስጥ ያለውን እንዲህ አያሳይም፤ እኔ የፈራሁት ሥጋው ውስጥ የተቋጠረ ነገር እንዳይኖር ነው፤ ዛሬውኑ ፍኖተ ሰላም ሂዱና አልትራሳውንድ ይነሡ፣ አላቸው።

አድማሴ ከዚህ ሁሉ ንግግር የፊተኛውን ግማሽ ብቻ ይዞ ወጣ። አጥንቱ ደህና ነው ተባለ። እሱስ ምን ብሎ ነበር? በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ራጅ ወደደ። ፊልሙን ይዞ መንደር ገባና ላገኘው ሁሉ ወደ ፀሐይ ቀና እያደረገ አሳየ። ያ እጁ ሳያይ ያወቀውን እነሱ በስንት መብራት ደረሱበት። የኋለኛውን ግማሽ ደጊቱ ስታስታውሰው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አልትራሳውንድ ማለት በአድማሴ መንደር የነፍሰ ጡር ማሽን ነው። ፅንሱ በደህና ተቀምጦ እንደሆነ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ የሚያዩበት። እኔን፣ ስድሳ ዓመት የተጠጋኝን፣ ከነፍሰ ጡሮች ጋር ሊያስተኙኝ ነው፣ ብሎ ራቱን አልበላም። አድማሴ አረገዘ ተብሎ በገበያ ሲወራ ገና ከአሁኑ ይሰማው ነበር። ስለዚህ ማሸቱ በጧትም በማታም ይሁን ተባለ። ደጊቱ አንቱ አለችው፤ እሱ ግን የዚያን ጊዜ አንቱን የሚሰማበት አቅም አልነበረውም።

የገና ማግስት መነሣት አቃተው። ጭኑ ተወጥሯል፣ ገላው ይነድዳል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ደጊቱን በሞተች እኅቱ ስም መጥራት ጀመረ። ያን ጊዜ ደጊቱ እንባዋን ጠርጋ ብድግ አለች። «አንቱ ካልሄዱ እኔ ሰከላ እናቴ ቤት እሄዳለሁ፤ እዚህ ተቀምጬ በገዛ እጄ አልቀብርዎትም» አለችው። መልስ አልጠበቀችም። ወጣችና ቃሬዛ ተሸካሚ ጠራች።

የአገሩ ልማድ ነውና ለቃሬዛ የሚጠራ ሰው ለምን አይልም። አራት ሰዎች መጡ። አራቱንም የጠገናቸው አድማሴ ነው። የአንዱን ትከሻ፣ የአንዱን ክርን፣ የአንዱን ጉልበት፤ አራተኛው ጎረቤቱ ክንዱ ነበር። በክንዱ በኩል ቃሬዛው በየርምጃው ዝቅ ይላል፣ ቀና ይላል፣ ዝቅ ይላል። አድማሴ በትኩሳት ውስጥ ሆኖ እንኳ ይህን አላለፈውም። ማነው በዚህ በኩል የሚያናውጠኝ፣ ብሎ ጠየቀ። «እኔ ነኝ፣ አያ አድማሴ» አለ ክንዱ። ቀኑ ሳይሞላ የረገጥክበት እግር ነዋ፣ ብሎ አቃሰተ አድማሴ። አራቱም በሳቅ ቃሬዛውን ሊጥሉት ምንም አልቀራቸው። ብቻ አላስቆማቸውም፤ መንገዱ ዳር ደርሰው ሚኒባስ አገኙ፤ ከደጊቱ ጋር አብረውት ተሳፈሩ። በእነዚህ ዓመታት መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል፤ የዚያን ቀን ግን እግዜር ሲረዳ ክፍት ነበር።

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ደርሰው ሐኪሙ ቴዎፍሎስ ገና ጭኑን ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። መርፌ አስወጋው፣ በደም ሥሩ ፈሳሽ አስገባለት፣ አሁኑኑ አልትራሳውንድ አለ። አድማሴ የፈራው አልቀረለትም፤ ክፍሉ በር ላይ ያለው አግዳሚ ሙሉ ነፍሰ ጡር ነው። አልጋውን ከእነሱ ጎን አቆሙት። ልትወልድ የደረሰች አንዲት ሴት ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ በትልቅ አክብሮት፣ «አባቴ፣ እርስዎስ ወሩ ገባ?» አለችው። አግዳሚው ከዳር እስከ ዳር ሳቀ። ደጊቱ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አድማሴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እነዚያው ሴቶች ግን፣ ስቀው ሲያበቁ፣ ወረፋቸውን ለቀውለት ቀድሞ ገባ።

ማሽኑን የያዘችው ያምሮት የምትባል የአዴት ልጅ ነበረች፤ ሰው አክባሪ። ጭኑ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት አፈሰሰችበት። አድማሴ ቅባት ሲያይ ትንሽ ተጽናና፤ ይህንስ ያውቀዋል። የማሽኑን ጫፍ ይዛ በቅባቱ ላይ መሄድ ስትጀምር ዝም ማለት አልሆነለትም። ጠበቅ አድርጊው፣ አሁን ወደ ውስጥ በኩል፣ እያለ ያዝዛት ጀመር። ያምሮት እሺ አባባ እያለች የራሷን መንገድ ሄደች። አንድ ቦታ ስትደርስ ቆመች። ያንን መቆም አድማሴ ያውቀዋል። ዕድሜ ልኩን ራሱ የቆመው መቆም ነው።

ያምሮት ስክሪኑን ወደ እሱ መለሰችለት። ይህች ነጭ መስመር አጥንትዎ ናት፣ ደህና ናት፣ አለችው። ይህ ሰንበር ሰንበር የሚለው ጡንቻዎ ነው። ከጡንቻው መሀል ግን ጥቁር ጉድጓድ ነበር። በማሽኑ ጫፍ ጫን ስትልበት በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ነገር እንደ ደፈረሰ ውኃ ወዲያ ወዲህ አለ።

«መግል ነው አባባ» አለችው። «ብዙ ነው።»

ቀስ ብላ አስረዳችው። እንዲህ ያለ ሕመም በሞቃት አገር የሚበዛ ነው። ባክቴሪያ የሚባለው ተሕዋስ በደም ይገባና የተመታ ጡንቻ ሲያገኝ እዚያ ተሸሽጎ ይራባል። አጥንት ስለማይነካ ራጁ አላሳየም፤ ጥልቅ ስለሆነ ዓይንም እጅም ቶሎ አያገኘውም። ወደ ደም ከተረጨ ግን ሰውየውን ይዞት ይሄዳል። አድማሴ ሁሉን ሰማ። ዓይኑ ከዚያ ጥቁር ጉድጓድ ላይ አልተነሣም። ስንት ሺህ ሥጋ ዳስሷል፤ ከሥጋ በታች ያለውን በዓይኑ ሲያይ ግን ያ የመጀመሪያው ነበር፣ ያውም የራሱን።

ቴዎፍሎስ መጥቶ በስክሪኑ እያየ መርፌ ሰደደ። የወጣውን አልነግራችሁም፤ ምሳ የበላችሁ ትኖራላችሁ። ኋላም በደንብ ተከፍቶ መታጠብ እንዳለበት ተነገራቸው። ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ስለ እግሩ አናወራም ነበር፣ ሰውየውን ነበር የምናጣው፣ አለ ሐኪሙ። የተመታ ጡንቻ ማሸት ደግሞ ይባስ ይጎዳዋል፣ መግሉንም ይገፋዋል። ከዚያ ቀና ብሎ ጠየቀ።

«ማን ነው ያሸው?»

አድማሴ አፉን ከፈተ። በሩ ላይ ክንዱና ሦስቱ ሰዎች ቆመዋል፤ አገር የሚሰማው በእነሱ አፍ ነው። አፉን መልሶ ዘጋ።

«እኔ ነኝ» አለች ደጊቱ።

ሐኪሙ አልተቆጣትም፤ ሳያውቁ እንዲህ ያለ ነገር አይነካም እናቴ፣ ብቻ አላት። ደጊቱ አንገቷን ደፋች፣ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። አድማሴ ጣራ ጣራ ያይ ነበር።

ጭኑ ተከፈተ፣ ታጠበ፤ መድኃኒቱ በመርፌ ሰነበተ። አድማሴ ዳነ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ በዱላ እያነከሰ ቤቱ ገባ። ወሬው ግን ቀድሞት ገብቶ ነበር፤ ያውም ተሸልሞ። ደጊቱ ያለ ሙያዋ አሽታ ባሏን ልትገድለው ነበር። የራሱ እጅ ቢሆን እንዲህ አይሆንም ነበር። ምስኪን አድማሴ፣ አገር የጠገነ ሰው በገዛ ሚስቱ እጅ። በቃ፣ የአድማሴ እጅ እንደ ተከበረ ቀረ፤ የከበረው በደጊቱ ውርደት ነው። እሱም ወሬውን ሰማ፣ አላስተባበለም። ነገ እነግራቸዋለሁ ይላል። ነገ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገ አለ።

ደጊቱ ቁስሉን ታጥባለች፣ እህሉን ታቀርባለች። አንተም አንቱም አትለውም። እንዲያው ስሙን አትጠራም፤ ምሳ ደርሷል፣ ውኃው ሞቋል፣ ብላ ለግድግዳው ትናገራለች። አድማሴ ከጭኑ ይልቅ ይህ አመመው።

በእንዲህ እንዳለ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጠያቂ ቤቱን ሞላው። ክንዱም ነበረ። ደጊቱ ጠላ ትቀዳለች። ከታችኛው መንደር የወንዳወቅ ሚስት ንግሥቴ መጣች። እንኳን እግዜር ማረዎት ብላ ከተቀመጠች በኋላ የመጣችበትን ተናገረች። ወንዳወቅ ግንድ ሲጎትት ተንሸራትቶበት ታፋውን መትቶታል፤ ጠጥሮበታል፣ መርገጥ አቅቶታል። መጥተው ቢያሹልኝ፣ አለች። «የደጊቱን እጅ አይደለም እንግዲህ፤ የእርስዎን ነው» ብላ ጨመረች፣ ለጨዋታ። ቤቱ ሳቀ። ደጊቱ ከጠላው ማሰሮ ቀና አላለችም።

አድማሴ አልሳቀም። ንግሥቴን፣ ይሞቃል ወይ፣ ብሎ ጠየቃት። አዎ፣ እንደ እሳት ነው፣ ማታ ማታም ያንቀጠቅጠዋል፣ ወባ ሳይሆን አይቀርም፣ አለችው። ያ ጥቁር ጉድጓድ ዓይኑ ላይ መጣበት። ሐኪም ቤት ውሰጂው አላት። ንግሥቴ አልተቀበለችውም። ገና ስላልበረቱ ነው፣ እርስዎ ካልሆነልዎት ሽንዲ ያለውን ወጌሻ አስመጣለሁ፣ ብላ ልትነሣ ነጠላዋን አስተካከለች። አድማሴ ያን ጊዜ ገባው። እውነቱን ካልተናገረ ይህች ሴት ባሏን አሳሽታ ልትገድለው ነው። ከተናገረ ደግሞ ያ ተሳስቶ የማያውቅ እጅ ዛሬ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ማለቁ ነው። ደጊቱ ማሰሮውን እንደያዘች ቆማለች።

«ንግሥቴ፣ ተቀመጪ» አላት። «እኔን ያሸችኝ ደጊቱ ናት። ያሳሸኋት ግን እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ይሞቃል፣ ተው፣ ብላ ለምናኛለች፤ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። በራሴ እጅ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ተዝካሬን ነበር የምትበሉት፤ የኔ እጅ ከእሷ ይከብዳላ። ሐኪሙ ማን አሸው ብሎ ሲጠይቅም ዝም አልኩ፤ እሷ ለእኔ ብላ ተሸከመችው። የወንዳወቅን ታፋ ማንም አይንካው። ዛሬውኑ ፍኖተ ሰላም፣ ያ የነፍሰ ጡሮቹ ማሽን ጋ ውሰጂው።»

ከጠያቂዎቹ አንዳንዱ ወለል ወለሉን አየ። አንዱ በእሱ እጅ የተጠገነ ክርኑን ደባበሰ። ፊተኛ የተነሣው ክንዱ ነው። ቃሬዛው የት ነው፣ ብሎ ብቻ ጠየቀና ሰዎቹን ይዞ ወደ በሩ አመራ። የበሩ ደፍ ላይ ግን ዞር አለ። እንግዲህ ዛሬ የእውነት ቀን ከሆነ የእኔስ እግር፣ አለው።

«አንተማ ቶሎ ስለረገጥክበት ነው» አለ አድማሴ።

ክንዱ ራሱን እየነቀነቀ ወጣ። የቀሩትም ንግሥቴን እያጽናኑ ተከተሉት፤ ወንዳወቅን ዛሬ ሳይመሽ መንገድ ማድረስ አለባቸው። ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

ደጊቱ ማሰሮውን አስቀመጠች። መጣችና መደቡ ላይ አጠገቡ ቁጭ አለች። ከሆስፒታል ከተመለሱ ወዲህ አጠገቡ ስትቀመጥ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ታለቅስ ጀመር፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። አድማሴ እጁን አነሣ፤ አየር ላይ አቆመው፤ የት እንደሚያሳርፈው ጨነቀው። በመጨረሻ እንደ ምንም ትከሻዋ ላይ አኖረው።

«ይከብዳል» አለችው ደጊቱ። አንሣው ግን አላለችውም።